ይህ የክሪስታል ፓላስ ሥዕል እውነት የ1851 ነው?

አሮጌ ወረቀት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአያቴ መጻሕፍት መሃል የለንደኑን ትልቅ የብረትና የመስታወት ሕንጻ፣ ክሪስታል ፓላስን የሚያሳይ አሮጌ ህትመት አገኘሁ። ከጀርባው አያቴ በእርሳስ «ሃይድ ፓርክ፣ 1851» ብሎ ጽፏል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ነው። የእጁ ጽሑፍ ስለሆነ ላምነው ፈልጌ ነበር። ግን ሕንጻው ግራና ቀኝ ረጃጅም ማማ አለው። ሌላ ቦታ ባየኋቸው የ1851 ሥዕሎች ላይ ማማ የለም። ደግሞ ቀጭን ነጭ መስመር ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይከፍለዋል። ወረቀቱ ግን አልተቀደደም። ምን ትላላችሁ?

ብረትና መስታወት፦
ማማዎቹ ነገሩን ጨርሰውታል። ነዳፊው ጆሴፍ ፓክስተን በለንደኑ መናፈሻ በሃይድ ፓርክ ላይ የሠራው ሕንጻ ማማ አልነበረውም። ሕንጻው ከተሠራለት የ1851 ታላቅ ኤግዚቢሽን በኋላ ተፈታትቶ በደቡብ ለንደን ወዳለው ሲደናም ተወሰደ፤ በ1854 ሰፋ ብሎ እዚያ ተከፈተ። ማማዎቹ እዚያ ለነበሩት የአትክልት ፏፏቴዎች ውሃ የሚይዙ የመሐንዲሱ የብሩኔል ሥራዎች ናቸው።

ጣሪያውንም እየው። ሃይድ ፓርክ ላይ ረጅሙ አዳራሽ ጠፍጣፋ ነበር፤ ቅስት ጣሪያ የነበረው መሃል ላይ የሚያቋርጠው ክፍል ብቻ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ሳይቆረጡ ከነቁመታቸው ውስጥ የቀሩት በዚያ ቅስት ሥር ነው። ይቺን ነገር ሳስባት ሁሌም ደስ ይለኛል። ሲደናም ላይ ግን አዳራሹም ቅስት ሆነ፣ አቋራጭ ክፍሎቹም ሦስት ሆኑ። የሰሜኑ አቋራጭ በ1866 መጨረሻ ተቃጠለ፤ መልሰው አልሠሩትም። እስኪ ቁጠራቸው።

አጉሊ መነጽር፦
ነጩ መስመር ጉዳት አይደለም፤ እኔ እንዲያውም እወደዋለሁ። የጋዜጣ ሥዕል በእንጨት ላይ ነበር የሚቀረጸው። የሚመረጠው ጠንካራ እንጨት ትንንሽ ስለሆነ ብዙ ቁራጭ በብሎን ይታሰራል። ሥራው እንዲፈጥንም ቁራጮቹን ለተለያዩ ቀራጮች ያከፋፍሏቸዋል። መጋጠሚያው ቀለም ካልያዘ ነጭ መስመር ይቀራል።

የኋላ ቅጂም ቢሆን ግን መስመሩን ይዞት ይወጣል። ስለዚህ በማጉያ እይ። ግራጫው በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ከሆነ ከፎቶ የተባዛ ነው። ጥርት ያሉ የተቀረጹ ጭረቶች ከሆኑ ደህና ምልክት ነው።

አሮጌ ወረቀት፦
አየሁት! ነጠብጣብ የለውም፣ ሁሉም ጭረት ነው። ሥዕሉ ከአትክልቱ በኩል የታየ ነው፤ ከፊት ፏፏቴዎች አሉ። አቋራጮቹም ሦስት ናቸው፣ በቀኝ በኩል ያለውም አልጎደለም። ስለዚህ ከ1866ቱ ቃጠሎ በፊት ነው ማለት ነው?

ብረትና መስታወት፦
ከአትክልቱ በኩል ከሆነ ቀኙ ሰሜን ነው። ስለዚህ የሚያሳየው ከቃጠሎው በፊት ያለውን መልክ ነው። ፏፏቴዎቹ በሙሉ የተከፈቱት በ1856 ስለሆነ እኔ በ1856 እና በ1866 መካከል እፈልገው ነበር። ብቻ አንድ ነገር ልብ በል፤ ሠዓሊዎች አንዳንዴ ሕንጻው ሳያልቅ ከፕላኑ ይስሉ ነበር። የአያትህን ጽሑፍ ግን እባክህ እንዳታጠፋው።