እማዬ በጾም ሰዓት ትንቀጠቀጣለች፣ ማታ ደግሞ ስኳሯ 290! ክኒኑን ልጨምርላት?

የአዘዞዋ ልጅ
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? እማዬ 63 ዓመቷ ነው፣ ስኳር ከተገኘባት ስድስት ዓመት ሆናት። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊግራም አንድ ፍሬ፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ ሜትፎርሚን 500 ትወስዳለች። ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አትቀምስም፣ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ክኒኑን ግን «መድኃኒት ጾም አይሽርም» እያለች በ1 ሰዓት በጉንጭ ውኃ ትውጠዋለች።

ሰሞኑን ወደ 7 ሰዓት ላይ ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ደግሞ ያለወትሮዋ ትነጫነጫለች። እሷ ድካም ነው ትላለች፣ ጎረቤታችን ዓይን ነው አለችኝ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ስለካት 290! ቁጥሩን ኦንላይን ለሚያማክር አንድ ሐኪም ጻፍኩለት። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ «ግሊቤንክላማይዱን ሁለት አድርጊው፣ እንጀራ ታቁም» ብሎ መለሰ። እንጀራ አቁሚ ብዬ እማዬን ልናገር? ከቤት ታስወጣኛለች። ክኒኑንስ ልጨምር?

ሲስተር ከማራኪ
እህቴ፣ ክኒኑን እንዳትጨምሪ! ሐኪሙ የላክሽለትን ቁጥር ብቻ ነው ያየው፣ የ7 ሰዓቱን ላብና መንቀጥቀጥ ነግረሽዋል? ጾማቸውንስ?

ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን «ኢንሱሊን አውጪ» እያለ የሚገፋ መድኃኒት ነው። ኢንሱሊኑ ደግሞ ስኳሩን ያወርዳል፣ ሰውዬው ይብላ አይብላ ክኒኑ አያውቅም። እናትሽ በ1 ሰዓት ውጠው እስከ ዘጠኝ ባዶ ሆዳቸውን ሲውሉ ስኳራቸው ቁልቁል ይወርዳል። ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ መነጫነጩ የዚያ ምልክት ነው የሚመስለኝ። ይሄ ክኒን ደግሞ ቶሎ ከሰውነት አይወጣም፣ እስከ 24 ሰዓት ሊሠራ ይችላል፣ ለዚህም ነው ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው የማይመከረው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን እንዲህ አያደርግም።

ነገ 7 ሰዓት ላይ፣ ሲንቀጠቀጡ፣ ለኪያቸው። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠሽ አጠጪያቸው፣ 15 ደቂቃ ጠብቀሽ እንደገና ለኪ፣ ካልወጣ ድገሚ። ከወጣ በኋላ እህል ይቅመሱ፣ አለዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳትጨምሪ፣ ትን ይላቸዋል። በቀጥታ ሐኪም ቤት።

11 ዓመት ከስኳር ጋር
ሲስተር ልክ ናት። እኔ ቅዳሜ ገበያ መሀል እንዲህ ሆኜ ወድቄያለሁ። ላብ አጥምቆኝ ምላሴ ተሳስሮ ሳወራ ሰው ሁሉ «ጠጥቷል» እያለ አልፎኝ ሄደ፣ በጠዋቱ! አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ ናት የልጇን ለስላሳ አፌ ላይ ያደረገችልኝ። ከዚያ ወዲህ ከረሜላ ከኪሴ አይጠፋም። ልጆቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ስለ 290ው ልጠይቅሽ። ከመለካታችሁ በፊት እጃቸውን በሳሙና ታጥበዋል? እኔ አንዴ ማንጎ ልጬ ስለካ ከ300 በላይ አሳየኝ፣ ታጥቤ ስደግመው 160። ደሙ የሚነካበትን የመለኪያ ስትሪፕ ዕቃ ክዳንም ክፍት አትተዉት፣ በዚህ ክረምት እርጥበት ያበላሸዋል።

ጎንደሬው
አብሽ ዘፍዝፋችሁ ጠዋት ጠዋት ስጧት፣ ሽፈራውም ጥሩ ነው። የኔ አክስት ክኒን ከተወች ዓመት ሆናት፣ ደህና ናት።

ሲስተር ከማራኪ
ወንድሜ፣ አክስትህ ደህና መሆናቸውን ለክታችሁ ነው ወይስ ስላላመማቸው? ስኳር ከፍ ብሎም ለዓመታት ላያምም ይችላል፣ ዓይንና ኩላሊትን ዝም ብሎ ነው የሚበላው። አብሹ ያወርዳል ከተባለ ደግሞ ስኳራቸው እየወረደ ላስቸገራቸው ሴት ሌላ ማውረጃ መጨመር ምን ይሉታል?

የአዘዞዋ ልጅ
ተመለስኩ። ትናንት በ7 ሰዓት ከሩብ ለካኋት፣ 54!! እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እሷን ትቶ እኔን። ስኳሩን በጥብጬ ብሰጣት «ጾሜን ልታስፈቺኝ ነው» ብላ ፊቷን አዞረች፣ በልመና ጠጣች። ከ15 ደቂቃ በኋላ 88 ሆነ፣ ትንሽ እንጀራ በሽሮ አበላኋት።

ስለ ማታው ደግሞ አሁን ነው የገባኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመጣ ርቧት በሶ በማር ትበጠብጣለች፣ እራትም ታከታትላለች፣ ከዚያ ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር። ስድስት ማንኪያ ማለት ነው! እኔ ራሴ ነኝ እየጨመርኩ የምሰጣት።

ዛሬ ጠዋት የለካሁትን ሁሉ ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጽፌ ክትትል ወደምታደርግበት ወሰድኳት። ዶክተሯ ግሊቤንክላማይዱን አስቆማት። ሜትፎርሚኑን ከምግብ ጋር ትውሰድ አለች፣ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውንም የደም ምርመራ አዘዘች። እንጀራውን አልከለከለቻትም፣ በልክ አለች። ልኩ ስንት እንደሆነ ግን ከወጣን በኋላ ነው የጠፋብኝ።

11 ዓመት ከስኳር ጋር
ተመስገን! ልኩን እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ከትሪ ከሰው ጋር ስትበይ ስንት እንደበላሽ አታውቂውም፣ ጉርሻ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። ስለዚህ ለብቻ ሰሃን ላይ ይቅረብላቸው። የሰሃኑ ግማሽ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር ወይ ሽሮ፣ ሩቡ ብቻ እንጀራ። መጀመሪያ ሰሞን ይርባል፣ አልዋሽሽም። ከእራት በኋላ ግቢ ውስጥም ቢሆን ወዲያ ወዲህ ይበሉ።

ጎንደሬው
እሺ አክስቴን ነገ አስለካታለሁ። ግን እናትሽን ስለ ጾሙ ምን አልሻቸው?

የአዘዞዋ ልጅ
እኔ ምን እላታለሁ፣ የንስሐ አባቷ ጋ ወሰድኳት እንጂ። «ጠዋት ቅመሺና መድኃኒትሽን ውሰጂ፣ ከሥጋና ከወተት መከልከልሽ ጾም ነው» አሏት። ዝም ብላ ሰማች። ስንወጣ ግን «አንቺ ነሽ ቀድመሽ የነገርሻቸው» ብላኝ እስካሁን አኩርፋለች። ቡናውን ያለ ስኳር ማፍላቴን ገና አልነገርኳትም።