ክርክር፦ ለትንሽ ቴሪየር ውሻ «ሌላው ትርፍ ነው» ይባላል?

ቶሳ ሥር፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ የደሴ ወንድማችን «ትንሽ ቴሪየር ስታራቡ ዋናው ማነሱ ነው፣ ሌላው ትርፍ ነው» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰውም ላይክ አደረገው። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ጉልበት ትርፍ ነው? ጥርስ ትርፍ ነው? የእናቲቱ ዳሌስ?

የፒያሳው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ገዢ ሲመጣ የሚጠይቀኝ «ስንት ኪሎ ናት?» ብሎ ነው። ጉልበቷን የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም። የወሬ ሳይሆን የገበያ ሰው ነኝ።

ቶሳ ሥር፦ ገዢው ስላልጠየቀህ አንተም አታይም ማለት ነው? በሬ ስትገዛ እግሩን ሳታይ ትገዛለህ?

ወልድያ ሐኪም፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ጉልበት ከተነሳ ልግባበት። ቡችላው ይሮጥ ይሮጥና የኋላ እግሩን አጥፎ ሁለት ሦስት እርምጃ በሦስት እግር ይዘላል። ከዚያ መልሶ ይረግጣል። ባለቤቱ ደስ ብሎት እየጨፈረ ይመስለዋል። ጭፈራ አይደለም፣ የጉልበቱ ሎሚ ከቦታው ሸርተት ብሎ ነው። በትንንሽ ውሾች ላይ በብዛት ይታያል፤ ብዙ ጊዜም በዘር ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ውደዱት፣ ተንከባከቡት፣ ግን አታራቡት።

የፒያሳው፦ ዶክተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እንደዚያ ካልን የሚራባ ውሻ አይተርፍም።

ወልድያ ሐኪም፦ ይተርፋል ወንድሜ። አፉንም ከፍተህ እይ። የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን እንደ መቀስ ሸፈን ማድረግ አለበት። ሰባት ወር አልፎት የወተት ጥርሱ ከአዲሱ ጎን ተደርቦ ከቆመ ምግብ እየያዘ ያበላሽበታል። የአናቱ እርግብግቢት አድጎም ያልገጠመውን ደግሞ ለዘር አታስቡት።

እህል በረንዳ ኮምቦልቻ፦ እኔ ውሻ የምይዘው ለአይጥ ነው። ቴሪየር የሳሎን ጌጥ አይደለም፤ ስሙ ራሱ ከመሬት የመጣ ነው፣ ጉድጓድ ገብቶ እንዲሠራ የተፈጠረ። ጃክ ራስል የሚባለውን ዘር ያስጀመረው እንግሊዛዊ ቄስ በ1819 በእነሱ አቆጣጠር አንዲት ሴት ውሻ ገዝቶ ነው የጀመረው፤ ቀበሮ ለማባረር። ቁመቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ነው። ደረቱን ከክርኑ ኋላ በሁለት እጅህ ስትከብበው ጣቶችህ መገናኘት አለባቸው፣ ዙሪያው ከ40 እስከ 43 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ። ለምን? ደረቱ ከሰፋ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀረቀራል። የእኔዋ በጆንያ መሃል ስትሽሎከለክ ብታዩ! ማነስ ማለት ይሄ ነው፣ በልክ፣ ለሥራ።

የፒያሳው፦ በል እንግዲህ፣ አንተም ማነስ አልክ።

እህል በረንዳ ኮምቦልቻ፦ በልክ አልኩ! ቃሌን ቆርጠህ አትውሰድ። «ቲካፕ» እያላችሁ የምትሸጡትን ከልክ በላይ ያነሰ ውሻ የትኛውም ትልቅ የውሻ ማኅበር እንደ ዘር አያውቀውም። ዮርክሻየር የሚባለው ትንሹ ቴሪየር እንኳ ልኩ እስከ 3.2 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ አይሁን ነው እንጂ በተቻለ መጠን አሳንሱ የሚል የለም።

ቧንቧ ውሃ፦ እኔ የማይገባኝ ውሻን ሳሎን ማስገባታችሁ ነው። አባቶቻችን ውሻን ደጅ ነው ያኖሩት።

እህል በረንዳ ኮምቦልቻ፦ አያ፣ የእኔዋ መጋዘን ነው የምታድረው። ለአደን፣ ለከብትና ለጥበቃ የተያዘ ውሻ በሃይማኖታችንም የተፈቀደ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦ መጋዘኑን አልነካሁም፣ ሳሎን ነው ያልኩት።

ቶሳ ሥር፦ እባካችሁ ወደ ጉዳዩ።

የሐይቋ፦ ጉዳዩ እኔ ጋ አለ። ሁለት ኪሎ የማትሞላ ውሻ ነበረችኝ። «አነስተኛ ስለሆነች ቡችሎቿ ውድ ይሆናሉ» ብሎ የሸጠልኝ ሰው ነው ያግባባኝ፣ ከሷ ከፍ ካለ ወንድ ጋር አገናኘኋት። 63ኛው ቀን አካባቢ ምጥ መጣ። አንዱ ቡችላ ጭንቅላቱ ሳያልፍ ቀረ። በጨርቅ ጠቅልዬ ከሐይቅ ወደ ደሴ ስሮጥ፣ ጉልበቴ ላይ እያየችኝ፣ መንገድ ላይ አረፈች። መንጋጋዋን ሳይ ነበር፣ ፀጉሯን ሳይ ነበር፣ ዳሌዋን አላየሁም። ስለዚህ ወንድሜ፣ «ሌላው ትርፍ ነው» ስትል ያመኛል።

የፒያሳው፦ እህቴ ነፍሷን ይማር አይባልም እንጂ፣ ከልቤ አዝኛለሁ። ግን ትርፍ ስል የማይጠቅም ማለቴ አይደለም። ተጨማሪ ማለቴ ነው።

ቶሳ ሥር፦ አሁን ትርጉም ልትቀይር ነው? ትናንት «ሌላው» ብለህ ሁሉንም ጠቅልለህ ነው የጣልከው።

የፒያሳው፦ አልጣልኩም። ቋንቋዬን አታስተምረኝ።

ወልድያ ሐኪም፦ ትርፍ የሚለውን ተዉትና አንድ ነገር ልጠይቅ። የፒያሳው፣ የምታራባት ውሻ በአንገቷ ስትጎትታት እንደ ዝይ ድምፅ እያወጣች ታስላለች?

የፒያሳው፦ አልፎ አልፎ። ብርድ ነው።

ወልድያ ሐኪም፦ በዮርክሻየር ላይ ብርድ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የአየር ቧንቧው እየጠበበ ሊሆን ይችላል። ማሰሪያውን ከአንገት ወደ ደረት አውርድላት፣ እስክትመረመርም አታገናኛት።

የፒያሳው፦ ወንዱን ለእሑድ ቀጥሬዋለሁ እኮ።

የሐይቋ፦ ሰርዝ።

የፒያሳው፦ ቀብድ ተቀብያለሁ።

ቶሳ ሥር፦ ቀብዱን መልስ!

ቧንቧ ውሃ፦ አሁንም ሳሎን የሚለውን የመለሰልኝ የለም።