ክርክር፦ ኢንተርፌስ ለመዘርዘር አንድ መንገድ ይበቃናል ወይስ የድሮውንም እንያዝ?

ኮድ ጠባቂ፦
ሰላም ለቤቱ። አብረን የምንጽፋት የኔትዎርክ መከታተያ ፕሮግራም በሲ የተጻፈች ናት፤ ሊነክስ፣ ፍሪቢኤስዲ፣ ማክኦኤስ እና ሶላሪስ ላይ እንድትሠራ ነው የምንፈልገው። የማሽኑን ኢንተርፌሶች (የኔትዎርክ መገናኛዎች) የምትዘረዝረው ፋይል ግን አሁን ለማንበብ አስቸጋሪ ሆናለች። ግማሿ «ይህ ሲስተም ከሆነ ይህን አድርግ» የሚል ኢፍዴፍ ነው።

ውስጧ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በ1983 ከበርክሊው ዩኒክስ ከ4.2ቢኤስዲ ጋር የመጣው ሲኦክጊፍኮንፍ ነው፤ ሶኬት ትከፍታለህ፣ በፈር (መቀበያ ቦታ) ታዘጋጃለህ፣ አዮክትል በሚባለው ጥሪ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) «ያለህን ሙላልኝ» ትለዋለህ። ሁለተኛው ጌትኢፍአድርስ ነው፤ አንዴ ትጠራዋለህ፣ ሊንክድ ሊስት (የተያያዘ ዝርዝር) ይሰጥሃል፣ ስትጨርስ በፍሪኢፍአድርስ ትለቀዋለህ። የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ እናውጣው እላለሁ። የምትቃወሙ ካላችሁ ምክንያታችሁን አምጡ፤ እሑድ ማታ ለውጡን ላስገባ ነው።

ሶላሪስ የኖረ፦
ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንነሳ። ጌትኢፍአድርስ ፖዚክስ በሚባለው የዩኒክስ ሲስተሞች መስፈርት ውስጥ የለም። በ2001ዱ እትም አልነበረም፣ በ2024ቱም አልገባም። ፖዚክስ የሚያውቀው ኢፍኔምኢንዴክስን ነው፤ እሱ ደግሞ የኢንተርፌሱን ስምና ቁጥር ሰጥቶ ያበቃል። አድራሻ የለው፣ ኔትማስክ የለው፣ ተነስቷል ወድቋል የሚል ፍላግ የለው።

ጌትኢፍአድርስ ከቢኤስዲ ቤት ወጥቶ ሌላው በየጊዜው እየወሰደው የተስፋፋ ነው። የሊነክሱ ሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ በ2.3 ነው የያዘው፤ አይፒቪ6 አድራሻ ማሳየት የጀመረው ደግሞ በ2.3.3 ነው። ሶላሪስ እስከ 11 ድረስ፣ ማለትም እስከ 2011 ድረስ አልነበረውም። እኔ ዛሬም ሥራ ላይ ያለ የሶላሪስ 10 ማሽን እጠብቃለሁ። የድሮውን መንገድ ስታወጡ እኔን አብራችሁ ታወጡኛላችሁ።

ሰርቨር ተከታታይ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በዚያ በድሮው መንገድ ምን እንደደረሰብኝ ልንገርዎት። አንድ ሊነክስ ሰርቨር ላይ ኮንቴይነሮች ነበሩን፤ እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ ብሪጅ፣ ማለትም የራሱ ምናባዊ ኢንተርፌስ፣ ነበረው። ኢንተርፌሶቹ ከ30 በላይ ሲሆኑ የእኛ ፕሮግራም 25 ብቻ ያሳይ ነበር። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ አዮክትሉ ዜሮ ይመልሳል፤ ሁሉም ደህና ይመስላል።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በፈሩን የጻፈው ሰው 1024 ባይት ሰጥቶታል። 64 ቢት ሊነክስ ላይ አንዱ ኢፍሬክ (በበፈሩ ውስጥ የሚሞላው አንድ መዝገብ) 40 ባይት ነው፤ 1024ን ለ40 ሲያካፍሉት 25 ሙሉ ይገባና የቀረው ይቆረጣል። ከርነሉ ቦታ ሲጠበው የገባለትን ሞልቶ ዝም ነው የሚለው። ካልታዩት ብሪጆች አንዱ ወድቆ ደንበኛ ደውሎ ነው የሰማነው።

ሶላሪስ የኖረ፦
ልጄ፣ ያ የኮዱ ጥፋት ነው እንጂ የመንገዱ አይደለም። ደንቡ የታወቀ ነው፦ በፈሩን እያሳደግክ ደጋግመህ ትጠራለህ፤ የተመለሰው ርዝመት ከቀደመው ጋር እኩል ሲሆን ያኔ ሁሉም ገብቷል ትላለህ። ሊነክስ ላይማ ይቀላል፤ የበፈሩን ፖይንተር ነል (ባዶ) አድርገህ ከጠየቅኸው የሚያስፈልገውን ርዝመት ራሱ ይነግርሃል።

ኮድ ጠባቂ፦
ጋሼ፣ «ሊነክስ ላይ ይቀላል» ሲሉ እኮ የእኔን ነጥብ ነው የደገፉልኝ። ያ ብልሃት በሌላው ላይ አይሠራም። ርዝመቱን በትክክል አገኘን እንበል፤ በፈሩን ማንበቡ ራሱ በየሲስተሙ ይለያያል። ሊነክስ ላይ እያንዳንዱ መዝገብ እኩል ነው፤ በኢፍሬክ መጠን እየዘለልክ ትሄዳለህ። ቢኤስዲ ላይ አድራሻው የራሱን ርዝመት ይዞ ስለሚመጣ መዝገቡ ይረዝማል፣ ያጥራል።

በቁጥር ልየው። ፍሪቢኤስዲ ላይ ኢፍሬክ 32 ባይት ነው፦ 16 ለስም፣ 16 ለአድራሻ። የአይፒቪ6 አድራሻ ግን 28 ባይት ስለሆነ መዝገቡ 44 ይሆናል። 32 ዘለልህ ማለት የሚቀጥለው መዝገብ ሊጀምር 12 ባይት ሲቀረው አረፍክ ማለት ነው። የስም ቦታ ላይ የአድራሻ ጭራ ታነባለህ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የተበላሸ ነው። ይህ ስህተት እኛው ፋይል ውስጥ ነበር፤ ያገኘሁት ባለፈው ወር ነው። ስንት ጊዜ እንደኖረ አስቡት፤ ምክንያቱም ፍሪቢኤስዲ ላይ ጌትኢፍአድርስ ስላለ ያንን ቅርንጫፍ የሚያስኬደው ሰው አልነበረም።

የተነሳሁትም በዚህ ነው። የማንም እጅ የማይነካው ኮድ «ለጥንቃቄ» ተብሎ ሲቀመጥ ይበሰብሳል፤ በበሰበሰው ላይ ደግሞ «በሁሉም ዩኒክስ ይሠራል» ብለን እንጽፍበታለን። እኔ ሰውን ማታለል አልፈልግም።

ጀማሪ፦
ይቅርታ፣ ክርክሩን ላቋርጥ። ጌትኢፍአድርስን ሞክሬ አንዱ ካርድ ሦስት ጊዜ ወጣብኝ። ሊስቱ ተበላሽቶ ነው?

ሰርቨር ተከታታይ፦
አልተበላሸም ወንድሜ። ሊስቱ የኢንተርፌስ ሊስት ይምሰል እንጂ የአድራሻ ሊስት ነው። አንድ ካርድ አይፒቪ4፣ አይፒቪ6 እና የሃርድዌር አድራሻ ካለው ሦስት ጊዜ ይመጣል። በስሙ ሰብስበህ አንድ አድርገው። የሃርድዌሩ አድራሻ ሊነክስ ላይ ኤኤፍፓኬት በሚል ቤተሰብ ይመጣል፤ ቢኤስዲና ማክ ላይ ኤኤፍሊንክ ነው፤ ስትራክታቸውም የተለያየ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ኢፍዴፍ አይቀርልህም።

ደግሞ አንድ ነገር፦ የአድራሻውን ቤተሰብ ከማየትህ በፊት ፖይንተሩ ነል አለመሆኑን አረጋግጥ። እኔ ያለዚያ ጽፌ በላፕቶፔ ላይ ወር ሙሉ ሠራልኝ። አንድ ቀን ቪፒኤን ሳስነሳ ፕሮግራሙ ሴግፎልት ብሎ ወደቀ። ቪፒኤኑን ሳጠፋ ይሠራል፤ ሳበራ ይወድቃል። የቪፒኤኑ ኢንተርፌስ ቱን0 የሃርድዌር አድራሻ ስለሌለው ለእሱ የመጣው የመጀመሪያ መዝገብ አድራሻው ነል ነበር። አይፒ አድራሻው በሌላ መዝገብ በትክክል ይመጣል፤ ግን እዚያ ሳንደርስ ወደቅን። አንድ መስመር ኢፍ ነው የሚያስፈልገው፤ ተለምነህ ሳትሆን አስቀድመህ ጻፋት።

አንድሮይድ ሠሪ፦
ስለ ስልክ ማንም አላነሳም። አንድሮይድ ከርነሉ ሊነክስ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። የአንድሮይዱ ሲ ላይብረሪ ጌትኢፍአድርስን የያዘው ከኤፒአይ 24፣ ማለትም ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ነው፤ 2016 መሆኑ ነው። ከዚያ በታች ያለ ስልክ ላይ ኮዱ አይያያዝም። አገራችን ውስጥ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ አሮጌ ስልክ የያዘ ተጠቃሚ የለም ብዬ ለመናገር አልደፍርም። ከላይ ደግሞ ሌላ ግድግዳ አለ፦ አንድሮይድ 11ን ዒላማ ያደረገ አፕ የሃርድዌር አድራሻ አይሰጠውም። ያንን የሃርድዌር አድራሻ (ማክ አድራሻን) መታወቂያ አድርጋችሁ የጻፋችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ተዉት።

ከርነል አንባቢ፦
እኔ ከሁላችሁም ጋር አልስማማም። ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ በሩ ነው፤ ቤቱ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሊነክስ ላይ ጌትኢፍአድርስ ራሱ ከውስጡ ኔትሊንክ (ከከርነሉ ጋር በመልእክት መነጋገሪያ) ነው፤ አንድ ጊዜ ሊንኮቹን፣ አንድ ጊዜ አድራሻዎቹን ይጠይቃል። ቢኤስዲ ላይ ሲስሲቲኤል የሚባለው የከርነል ጥሪ ነው። ታዲያ በቀጥታ ወደ ምንጩ ለምን አንሄድም? ፍሪቢኤስዲም ከ13.2 ጀምሮ፣ ከ2023 ወዲህ ማለት ነው፣ ኔትሊንክን ተቀብሏል።

ለምን እንደምጨነቅ ላሳያችሁ። የእኛ ፕሮግራም የትራፊክ ቆጣሪውን የምትወስደው ጌትኢፍአድርስ ከሚሰጠው ዳታ ፖይንተር ነው። ሊነክስ ላይ ያ ቆጣሪ 32 ቢት ነው። 4,294,967,296 ባይት ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በሴኮንድ 1 ጊጋቢት ሙሉ በሙሉ በሚሮጥ መስመር ላይ ይህ 34 ሴኮንድ ነው፤ በ10 ጊጋቢት ከ4 ሴኮንድ ያነሰ። እኛ በየደቂቃው ነው የምናነበው! ባለ 64 ቢቱን ቆጣሪ ኔትሊንክ ይሰጣል፤ ከሲስ ማውጫ ሥር ካሉት ፋይሎችም ይነበባል። ሌላው ደግሞ፣ ጌትኢፍአድርስ የሚሰጥህ የዚያችን ቅጽበት ፎቶ ነው። ዩኤስቢ ሞደም ሲነቀል የሚነግርህ የለም። ኔትሊንክ ላይ ግን ትመዘገብና ለውጥ ሲኖር ራሱ ይነግርሃል።

ኮድ ጠባቂ፦
የቆጣሪው ነገር እውነት ነው፤ አላየሁትም ነበር። እሱን ዛሬውኑ ለብቻው እንደ ስህተት እንመዝግበው። ግን መዘርዘርና መቁጠር ሁለት ሥራ ነው። «ምን ምን ኢንተርፌስ አለ?» ለሚለው ጥያቄ ኔትሊንክ በእጅ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ፦ መልእክት መገንባት፣ ተቆራርጦ የሚመጣውን መልስ መሰብሰብ፣ በመሃል ዝርዝሩ ከተለወጠ እንደገና መጠየቅ። ያንን ጂሊብሲ ጽፎልናል፣ «መስል» የሚባለው ሌላው የሲ ላይብረሪም ጽፎልናል። እኛ ደግመን ብንጽፈው የተሻለ እንጽፋለን ብዬ አላምንም። የለውጥ ማስታወቂያ ለሚፈልግ ክፍል ግን በየሲስተሙ የራሱ ኮድ ይኑር፤ እሱን አልቃወምም።

ጀማሪ፦
ሊብዩቪን ለምን አንጠቀምም? እሱ ይዘረዝራል።

ኮድ ጠባቂ፦
ይዘረዝራል። ለዝርዝር ብቻ ብለን ሙሉ የኢቨንት ሉፕ ላይብረሪ ማስገባት ግን ይከብደኛል። ሊብፒካፕን (ፓኬት መያዣውን ላይብረሪ) ለሌላ ሥራ የሚጠቀም ካለ እሱም የራሱ ዘርዛሪ አለው።

ሶላሪስ የኖረ፦
ሊብፒካፕን ካነሳኸው እስቲ ውስጡን ክፈትና እይ። ለጌትኢፍአድርስ አንድ ፋይል፣ ለሲኦክጊፍኮንፍ አንድ ፋይል፣ ለሶላሪሱ ሲኦክግሊፍኮንፍ አንድ ፋይል አለው። ኮምፓይል ሲደረግ ያለውን አይቶ አንዱን ይመርጣል። እነዚያ ሰዎች ያላወቁት ነገር ኖሮ ይመስልሃል የድሮውን ያቆዩት?

ኮድ ጠባቂ፦
አይመስለኝም ጋሼ። እነሱ ግን በየሲስተሙ የሚፈትሽላቸው ሰው ነበራቸው። ደግሞ ራስዎ አሁን ያሉትን ይመልከቱ፦ ለሶላሪስ የሚበጀው ሲኦክግሊፍኮንፍ ነው፤ የእኛ ፋይል ውስጥ ያለው እሱ አይደለም። የእኛው ሲኦክጊፍኮንፍ ሶላሪስ ላይ አይፒቪ4ን ብቻ ነው የሚያሳየው። እንግዲህ ለእርስዎ ማሽን ብለን የያዝነው ኮድ ለእርስዎም ማሽን ግማሽ መልስ ነው የሚሰጠው። በዚያ ማሽን ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ፕሮግራሟን ኮምፓይል ያደረጉት መቼ ነው?

ሶላሪስ የኖረ፦
እውነቱን ለመናገር ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኛል። የሚሮጠው አሮጌው እትም ነው።

አንድሮይድ ሠሪ፦
እኔ ግን አሁንም ይቆይ ነው የምለው። ኢፍዴፉ እየተደራረበ ዋናውን ፋይል ማወኩ ነው ችግሩ። ለብቻው ፋይል እናድርገው፤ ሚክፋይሉ (የኮምፓይል መመሪያው) ጌትኢፍአድርስ ከሌለ ብቻ ያስገባው። ማንንም አያስቸግርም።

ሰርቨር ተከታታይ፦
ለብቻው ፋይል ቢሆንም የሚፈትሸው ከሌለ ያው ነው። ባለ 1024ቱ በፈር እኮ ያኔ ለብቻው ፋይል ውስጥ ነበር። ፋይሉን ማንም ስለማይከፍተው ነው ያልታየው።

ከርነል አንባቢ፦
በዚህ ከሰርቨር ተከታታይ ጋር ነኝ። ሌላም አለ፦ በስም አንሂድ፤ ኢቲኤች0፣ ኢኤን0፣ ኢኤንፒ3ኤስ0 እያለ ስሙ በየቤቱ ይለያያል። ሉፕባክን «ኤልኦ» በሚል ስም የሚፈልግ ኮድ አሁንም እኛ ውስጥ አለ፤ ቢኤስዲ ላይ ስሙ «ኤልኦ0» ስለሆነ 127.0.0.1ን እንደ ውጭ አድራሻ ይቆጥረዋል። ፍላጉን ነው ማየት ያለብን። እንዲህ ያለውን ሳናጠራ ስለ አሮጌው መንገድ መከራከራችን ያሳዝነኛል።

ኮድ ጠባቂ፦
ትክክል። እሱንም ያዝኩት። ጋሼ፣ እንዲህ ላድርግ፦ ሲኦክጊፍኮንፍ እሑድ ይወጣል። ለሶላሪስ 10 ሲኦክግሊፍኮንፍን የሚጠቀም ፋይል ከጻፉልንና በማሽንዎ ላይ አስኪደው ውጤቱን ከለጠፉልን አስገባለሁ፤ በላዩም ማን እንደሚፈትሸው ይጻፍበታል። ለአንድሮይድ ከ7 በታችም እንደዚሁ፤ አሮጌ ስልክ በእጁ ያለው ይውሰደው።

አንድሮይድ ሠሪ፦
መሳቢያ ውስጥ አንድሮይድ 5 የሆነ ስልክ አለኝ። ባትሪው አብጧል፤ በቻርጀር ከተነሳልኝ እሞክራለሁ። በውሳኔው ግን አልተስማማሁም፤ ይመዝገብልኝ።

ሶላሪስ የኖረ፦
መጀመሪያ ከሲኦክግሊፍነም ቁጥሩን እጠይቃለሁ፣ በዚያ ልክ በፈር እሰጣለሁ፣ ሁለቱንም ቤተሰብ (አይፒቪ4 እና አይፒቪ6) እጠይቃለሁ። ማሽኑ ያለበት ክፍል የሚከፈተው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ማታ ውጤቱን እዚሁ እለጥፋለሁ፤ ካልለጠፍኩ ስለ ሶላሪስ 10 የሚለውን መስመር ከመግለጫው ላይ አንሡት።