ባዮሎጂ ጥቅል ዲግሪ ሆኖ ይቀጥል ወይስ በዘርፍ ይከፈል?

አወያይ፦ ፍሬሽማን ጨርሰው ዲፓርትመንት የሚሞሉ ልጆች ስላሉ ጥያቄው ለጅማ ሰው ቅርብ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሎጂን እንዳለ ያስተምሩ ወይስ ገና ከባችለር ጀምሮ ባዮቴክኖሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ እያሉ ይከፋፍሉት? «ሥራ የለውም» ብቻ ብሎ ማለፍ የለም።

የሂርማታው፦ ይከፈል። መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ቡና ላይ ይሠራል፤ የሚፈልገውም እጁ የሠለጠነ ሰው ነው። ቲሹ ካልቸርን (ከዕፅዋት ቁራጭ ላብ ውስጥ ችግኝ ማብቀልን) ውሰዱ፦ የኤምኤስ ሚዲያው (የማብቀያ ምግቡ) ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት ልኩ፣ ከ5.8 በጣም ከወረደ ማርጊያው አጋር አይረጋም። አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ በ121 ዲግሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ካልቆየ ደግሞ በቀናት ውስጥ ሻጋታ ይወርሰዋል። ይህ በሁለት ላብ አይለመድም።

አጂፕ፦ ላቡ ላይ እስማማለሁ፣ ስሙ ላይ ግን አይደለም። የመንግሥት ቅጥር ማስታወቂያ የትምህርት ዝግጅትን በስም ይዘረዝራል። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ዲግሪ፣ ኮርሱ ያው ቢሆንም፣ ሰነድ ማጣራት ላይ ሊወድቅ ይችላል። «ባዮሎጂ» ግን ፒጂዲቲ (የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ) ተጨምሮበት ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት፣ ለማስተርስ ደግሞ ለቦታኒም (ዕፅዋት) ለኢንቶሞሎጂም (ነፍሳት) ይሆናል።

የቦሳ ልጅ፦ በመሃል ልግባ። ሆስፒታል ላቦራቶሪ እገባለሁ ብሎ ባዮሎጂ የሚሞላ ካለ ከአሁኑ ይወቀው፤ የዚያ ሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ለሜዲካል ላቦራቶሪ ተመራቂ ነው። የወባ ስላይድ አሳምሮ ማንበብ አይተካውም።

የሂርማታው፦ ጥቅልነቱን ያባሰው የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ከመቶ ያላመጣ አያልፍም፤ ጥያቄው ምርጫ ስለሆነ ግን ፒፔት ይዞ የማያውቅም ያልፋል። አራተኛ ዓመት ላይ ላቡ ተረስቶ ሽምደዳ ብቻ ይሆናል።

አጂፕ፦ እሱ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ስም መቀየር ሳይሆን የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ማጥበቅ ነው። ፒሲአር (ዲኤንኤ ማባዛት) የሚሉ ልጆች ለሱ የሚያስፈልገው ፕራይመር (አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ከውጭ እስኪመጣ ሴሚስተሩ ያልቅባቸዋል። የአዌቱን ወንዝ ኮሊፎርም (የሰገራ ብክለት የሚጠቁም ባክቴሪያ) መቁጠር ግን እዚሁ ይሠራል፦ 10፣ 1 እና 0.1 ሚሊ ሊትር ናሙና ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ቱቦ፣ ላክቶስ ብሮዝ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ፈሳሽ)፣ 35 ዲግሪ፣ 48 ሰዓት። ለ10 ሚሊው ብሮዙ ወፍራም ይሁን፤ አለበለዚያ ናሙናው ያቀጥነዋል። ብዙው ሰው የሚሳሳተው ባክቴሪያው የሚያወጣውን ጋዝ ለመያዝ ብሮዙ ውስጥ በምትደፋው ትንሽ ደርሃም ቱቦ ላይ ነው። ናሙናው ሳይጨመር አየር ቀርቶባት ከነበረ በማግስቱ «ጋዝ ወጣ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ንጹሕ ውሃ ሳይቀር የተበከለ ይመስላል። ለዚህ ነው ናሙና ያልገባበት መቆጣጠሪያ ቱቦ አብሮ የሚቀመጠው። ይህን በትክክል የሠራ ልጅ ውሃ አገልግሎትም ምግብ ፋብሪካም ሄዶ የሚያስረዳው አለው። የዘርፍ ኮርሶቹም ትራንስክሪፕቱ ላይ ይታያሉ።

የሂርማታው፦ ትራንስክሪፕት እስከ ታች የሚያነብ የሰው ሀብት ክፍል አሳየኝና ሐሳቤን እቀይራለሁ።

አጂፕ፦ እሱ አያነብም። የቃል ፈተና ላይ የሚቀመጠው ባለሙያ ግን ስለ ደርሃም ቱቦዋ ይጠይቅሃል።