ለጄንኪንስ የቢልድ ቱል ፕለጊን ያሰራችሁ አላችሁ? ምክር ፈልጌ ነበር

ሳሪስ_ዴቭ፦
ሰላም ጓዶች። መስሪያ ቤታችን የፖስ ማሽን አፕ የምንገነባበት የራሳችን የቢልድ ቱል (ኮዱን ወደሚጫን አፕ የሚቀይር ፕሮግራም) አለ፣ ድሮ አንድ ልጅ በፓይተን ጽፎት የሄደ ነው ግን እስካሁን ይሰራል። ጄንኪንስ (ቢልዱን በራሱ የሚያስሮጥልን ሰርቨር) ላይ 40 ጆብ አለን፣ ሁሉም ላይ ትዕዛዙ በእጅ ነው የተጻፈው፣ አንድ ፍላግ (የትዕዛዙ አማራጭ) ሲቀየር 40ውንም እየከፈትኩ ኮፒ ፔስት ሳደርግ ነው የምውለው። ባለፈው አንዱን ዘልዬ የቴስት ሰርተፍኬት ፕሮዳክሽን ቢልድ ውስጥ ገብቶ ጉድ ሆንን። አለቃዬ "ፕለጊን አሰራ፣ ቴስተሮቹ ራሳቸው ፎርም ሞልተው ይጫኑት" አለኝ፣ ጄንኪንስ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም ማለቱ ነው። አንድ ፍሪላንሰር አነጋግሬ 180 ሺህ ብር፣ ሁለት ወር ብሏል፣ ግማሹን ቀብድ ይፈልጋል። እኔ ጃቫ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ነክቼው አላውቅም። ዋጋው እንዴት ነው? ውሉ ላይ ምን ላስገባ? ሰርቶ ሲያመጣስ በደንብ መስራቱን በምን አውቃለሁ?

ቡና_በጃቫ፦
ወንድሜ ዋጋውን ተወውና መጀመሪያ ፕለጊን ለምን አስፈለገ? ችግርህ አንድን ነገር 40 ቦታ መጻፍ ከሆነ እሱን ሼርድ ላይብረሪ ይጨርሰዋል። ጊት ላይ አንድ ሪፖ ትከፍታለህ፣ ቫርስ የሚባል ፎልደር ውስጥ አንድ የግሩቪ (የጄንኪንስ ስክሪፕት ቋንቋ) ፋይል ታስቀምጣለህ፣ የቱላችሁን ትዕዛዝ እዛ ውስጥ አንዴ ትጽፈዋለህ፣ ከዛ በየጄንኪንስፋይሉ (የጆቡ ቅደም ተከተል የተጻፈበት ፋይል) አንድ መስመር ጠርተኸው ታልፋለህ። ፎርም ላልከው ደግሞ ፓራሜትር አድርግላቸው፣ ቴስተሮቹ ከዝርዝር መርጠው ይጫናሉ። የቴስት ውጤት በግራፍ ይታየን የምትሉም ከሆነ ፓይተኑን ነካክታችሁ የጄዩኒት ኤክስኤምኤል (የተለመደ የቴስት ውጤት ፎርማት) እንዲያወጣ አድርጉት፣ ጄንኪንስ ያንን ማንበብ ያውቅበታል። ለዚህ 180 ሺህ ብር? ኧረ በሰላም!

ሳሪስ_ዴቭ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ግን 18ቱ ጆቦች ፍሪስታይል (ጄንኪንስ ገጽ ላይ ፎርም በመሙላት የተሰሩ) ናቸው፣ ጄንኪንስፋይል የሚባል ነገር የላቸውም። ፕለጊን ቢሆን ሁለቱም ላይ ይሰራል ብዬ ነው።

መብራት_ሄደ፦
እኔ አሰርቼ እጄን የተቃጠልኩ ሰው ነኝ ልንገርህ። ልጁ ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ ዴሞ አሳየን፣ ፎርሙ ቆንጆ፣ ቢልዱ አረንጓዴ፣ አጨብጭበን ቀሪውን ከፈልነው። ሰርቨራችን ላይ ስንጭነው "ፋይሉ አልተገኘም" ይላል። ፋይሉ ደግሞ ወርክስፔሱ (የቢልዱ ፎልደር) ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ኤጀንቱ (ቢልዱን የሚሰራው ማሽን) ላይ ገብቼ በአይኔ አይቼዋለሁ። የፐርሚሽን ነገር ነው እያልን ሁለት ቀን ስንባዝን ለካ ልጁ የተጠቀመው የጃቫን ተራ ፋይል ክላስ ነው። የፕለጊኑ ኮድ የሚሮጠው ኮንትሮለሩ (ዋናው የጄንኪንስ ሰርቨር) ላይ ስለሆነ እሱ የሚያየው የኮንትሮለሩን ዲስክ ነው፣ ቢልዱ ያለው ግን ኤጀንቱ ላይ። ለዚህ ተብሎ የተሰራ ፋይልፓዝ የሚባል የጄንኪንስ ክላስ አለ፣ ትዕዛዝ ለማስሮጥም ሎንቸር የሚባለው አለ። ላፕቶፕ ላይ ኮንትሮለሩም ኤጀንቱም አንድ ማሽን ስለሆነ ስህተቱ አይታይህም። ስለዚህ ዴሞ ሲያሳይህ ሌላ ማሽን ላይ ባለ ኤጀንት ካልሆነ አልቀበልም በለው፣ ኤጀንቱ ዊንዶውስ ኮንትሮለሩ ሊኑክስ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይፈተናል።

ሁለተኛው ጥፋት የራሳችን ነው። የተቀበልነው ኤችፒአይ ፋይሉን (ተጠቅልሎ የሚጫነውን ፕለጊን) ብቻ ነው፣ ሶርስ ኮዱን ማንም አልጠየቀም። በኋላ ጄንኪንስን ወደ 2.479.1 ስናሳድገው (ከዛ ጀምሮ ቢያንስ ጃቫ 17 ካልሆነ አይነሳም) ፕለጊኑ እምቢ አለ፣ ልጁም ስልክ አያነሳም፣ ውጭ ሄዷል አሉ። ወደ አሮጌው ቨርዥን ተመልሰን አሁንም እዛው ተቸክለን አለን፣ የሴኩሪቲ ማስጠንቀቂያው በየቀኑ በቀይ ይሰድበናል።

ኤጀንት_ኦፍላይን፦
@መብራት_ሄደ ስምህ ራሱ ያስታወሰኝ ነገር አለ፣ ማንም ሳያነሳው ስለቀረ ልጨምር። ፓይፕላይን (በጄንኪንስፋይል የሚሰራ ጆብ) ላይ ኤስኤች በሚለው ስቴፕ ትዕዛዝ ስትሰጥ ኮንትሮለሩ መሀል ላይ ቢጠፋ ኤጀንቱ ላይ ያለው ስራ አይቆምም፣ ኮንትሮለሩ ሲመለስ ከነበረበት ይቀጥላል። ብዙ ሰው ፕለጊን ሲሰራ የሚይዘው ቀላሉ መንገድ፣ ሲምፕልቢልድስቴፕ የሚባለው፣ ይሄ የለውም። ኮንትሮለሩ ከጠፋ ቢልዱም አብሮ ሞተ። እኛ ቢሮ ዩፒኤሱ ሩብ ሰዓት ነው የሚይዘው፣ ኤጀንቶቹ ግን ዳታ ሴንተር ናቸው፣ ስለዚህ ለእኛ ልዩነቱ የአንድ ሰዓት ቢልድ ከዜሮ መጀመር ነው። ፍሪላንሰርህን "ቢልድ መሀል ጄንኪንስን ባጠፋው ምን ይሆናል?" ብለህ ጠይቀው፣ ካሰበበት ወዲያው ይመልስልሃል፣ ካላሰበበት ፊቱ ላይ ታየዋለህ።

የሰርተፍኬቱ ፓስወርድም አለ። ፕለጊኑ ውስጥ በተራ ጽሁፍ ከተያዘ የጆቡ ኮንፊግ ፋይል ላይ እንዳለ ይቀመጣል፣ ባክአፑን ያየ ሁሉ ያነበዋል። ፎርሙ ላይ መመረጥ ያለበት የክሬደንሻሉ (ጄንኪንስ ራሱ ቆልፎ የሚይዘው ፓስወርድ) አይዲ ብቻ ነው።

ዋጋው በዛ አነሰ ለማለት ምን እንደሚሰራ የተጻፈ ነገር ማየት አለብኝ፣ አንተም መጀመሪያ እሱን ጻፍ። ግማሽ ቀብድ ግን አትስጥ፣ ለሶስት ክፈለው፣ የመጨረሻውን እናንተ ሰርቨር ላይ አንድ ወር ከሰራና ጄንኪንሱን አንዴ አሳድጋችሁት ካልተሰበረ በኋላ። ኮዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እናንተ ሪፖ ላይ ይግባ፣ ከነቴስቱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጁ (410/1996) ኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይሸፍናል፣ የኮዱ ባለቤት ማን እንደሆነ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ በቃል ተስማምተናል አይሰራም።

ሼርድ ላይብረሪ ከመረጥክም አንድ ነገር፦ ግሎባል ትረስትድ አድርገህ ካስገባኸው ሳንድቦክስ (ኮዱ ማድረግ የሚችለውን የሚገድበው አጥር) አይዘውም፣ እዛ ሪፖ ላይ ፑሽ ማድረግ የሚችል ሰው ጄንኪንሱ ላይ ያሻውን ማድረግ ይችላል። ብራንቹን ቆልፈው።

ቡና_በጃቫ፦
ልክ ነው። በነገራችን ላይ የፕለጊን ኮድ ከፍታችሁ በየመስመሩ "ሃድሰን" የሚል ብታዩ አትደንግጡ፣ የድሮ ስሙ ነው፣ 2011 ላይ ከኦራክል ጋር በስሙ ሲጣሉ ጄንኪንስ አሉትና የፓኬጁን ስም ግን ማን ይንካው።

ሳሪስ_ዴቭ፦
ተመልሻለሁ። ቅዳሜና እሁድ ቁጭ ብዬ ሼርድ ላይብረሪውን ሞከርኩት፣ 26 መስመር ሆነ፣ 22ቱን የፓይፕላይን ጆቦች አዛወርኩ፣ የፕሮዳክሽን ሰርተፍኬቱም አሁን የሚመጣው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። ፍሪላንሰሩን ያንን ጥያቄ ጠየቅኩት፣ ትንሽ ዝም ብሎ "እሱን አላሰብኩትም" አለኝ፣ እውነቱን ስለተናገረ ወደድኩት። ስለዚህ በ35 ሺህ ብር 18ቱን ፍሪስታይል ወደ ፓይፕላይን እንዲያዞርልኝና ፓይተኑን ጄዩኒት እንዲያስወጣው ተስማማን፣ በሶስት ክፍያ። አለቃዬ ብቻ "ፕለጊኑስ?" እያለ አስቸገረኝ፣ ስሙን ነው መሰለኝ የወደደው። የሪፖውን ስም "የኛ ፕለጊን" ብዬ ቀየርኩለት፣ ተስማማ።