«ፈርማ ነው የገባችው» ማለት መልስ ነው?

የቀበና ልጅ፦ ትናንት ስለ ጃፓኑ የሴቶች ዘፈን ቡድን ኤኬቢ 48 ስናወራ አንድ ሰው እዚህ ስለ አባሏ ሚኔጊሺ ሚናሚ «ፍቅር እንደማይፈቀድ እያወቀች ፈርማ ነው የገባችው» ብሎ ጻፈ። እስካሁን አልወጣልኝም። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ መጽሔት ከወንድ ቤት ስትወጣ ፎቶ አነሳት። በ20 ዓመቷ ፀጉሯን ተላጭታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ዩቲዩብ ላይ አጎንብሳ ይቅርታ ለመነች። ይህን አይቶ ስለ ፊርማ የሚያወራ ሰው አንጀት የለውም።

ኦታኩው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። የተላጨችው በራሷ ውሳኔ እንደሆነ ተናግራለች። ያኔ ደጋፊው ሲዲ የሚገዛው ውስጡ ከዘፋኞቹ ጋር የእጅ መጨበጫ ቲኬት ስለነበረ ነው። ያንኑ ሲዲ ደጋግሞ የሚገዛ ነበር። ያ ሰው ቅር ቢለው ምን ነውር አለው?

ሐምራዊት፦ ቲኬቱ እጇን ለመጨበጥ ነበር፤ ልቧን ማንም አልገዛም። ደግሞ በ2005 ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ስትወጣ 13 ዓመቷ ነበር። የ13 ዓመት ልጅ ምን ብላ ነው የምትፈርመው?

ኦታኩው፦ በ20 ዓመቷስ? መውጣት ትችል ነበር። እስከ 2021 ቆየች።

የቀበና ልጅ፦ ወደ ተለማማጅ ዝቅ አድርገዋት ነው የቆየችው። መቆየቷ እነሱን ልክ አያደርጋቸውም።

ሕግ ተማሪ፦ ስለ ፊርማው ከሆነ በሌሎች ዘፋኝ ልጆች ጉዳይ ፍርድ ቤት ገብቶበታል። በ2015 የቶኪዮ አውራጃ ፍርድ ቤት አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ውል አፍርሰሻል ተብላ 650 ሺህ የን እንድትከፍል ወሰነ።

ኦታኩው፦ ይኸው!

ሕግ ተማሪ፦ አስጨርሰኝ እንጂ ወንድሜ። በ2016 ያው ፍርድ ቤት፣ በሌላ ዳኛ፣ ተመሳሳይ ክስ ውድቅ አደረገ። ፍቅር መያዝ ሰው ደስታውን የመፈለግ መብቱ ነው አለ።

ኦታኩው፦ እንግዲህ አንድ ለአንድ ናቸው።

ቡና ጠጪ፦ ደጋፊው ተጎዳ የምትለውስ? ሌላዋን የቡድኑ አባል ሳሺሃራ ሪኖን በ2012 ያው መጽሔት ስለ ድሮ ፍቅረኛዋ ጻፈባት። ፉኩኦካ ወዳለው እህት ቡድን ላኳት። በዓመቱ ደጋፊዎች የሚወዷትን አባል በሚመርጡበት ምርጫ በ150,570 ድምፅ አንደኛ አደረጓት! ሚኔጊሺ የተላጨችበት ዓመት ነው እኮ። ደጋፊው ይቅር ብሏል። ያልማረው ድርጅቱ ነው።

ኦታኩው፦ ሳሺሃራ ቅጣቷን ተቀብላ፣ ሠርታ ነው ያሸነፈችው። ድምፁም በሲዲ የሚገዛ ነበር፤ አንድ ሰው መቶ ጊዜ ይመርጥ ነበር።

ሐምራዊት፦ መቶ ጊዜ የገዛላት ያው ተጎዳ ያልከው ሰው ነው! ወንዶቹስ? የጃፓኑ የወንዶች ቡድን የስማፕ አባል ኪሙራ ታኩያ በ2000 ዝናው ጣራ ላይ እያለ አገባ። ማን ፀጉሩን ተላጨ?

ዘመን፦ ኮሪያም ያው ነው። በ2024 የሴቶች ቡድኑ የኤስፓ ዘፋኝ ካሪና ፍቅረኛ እንዳላት ሲወራ በእጇ ጽፋ ይቅርታ ጠየቀች።

ቡና ጠጪ፦ ኮሪያን ተዋት፤ ወሬ አታስቀይሱ።

ዘመን፦ አላስቀየስኩም። ጃፓን ብቻ ላይ ስትጮሁ ነው ያልኩት።

ኦታኩው፦ እኔ ግን የተጠየቅኩትን መልሻለሁ። ሕጉን የማይወድ አይፈርም።

ሐምራዊት፦ የ13 ዓመቷን አልመለስክም።