እናቴ የሳምንቱን ቫይታሚን ዲ በየቀኑ ውጣዋለች፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ጅማ ነው፣ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። እማዬ ቡና መጋዘን ውስጥ ስትለቅም ነው የምትውለው፣ ጠዋት ገብታ ማታ ትወጣለች፣ ፀሐይ የምታገኘው እሁድ ብቻ ነው። ወገቧንና ጭኗን ሲያማት ከረመ። ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትይዛለች። ስትመረመር ቫይታሚን ዲዋ 11 ሆነ፣ ከ20 በታች እጥረት ነው ተባልን። 50,000 ዩኒት እንክብል በሳምንት አንዴ፣ ለ8 ሳምንት ታዘዘላት።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። መድኃኒት ቤቱ ማሸጊያው ላይ "1×1" ብቻ ጽፎ ሰጣት፣ እሷም በየቀኑ ዋጠችው። ትናንት ማታ ሳየው ከ8ቱ 2 ቀርቷል። 6 ቀን ሙሉ! ወዲያው አስቆምኳት። ሲበዛ የደም ካልሲየም ከፍ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። እስካሁን ማቅለሽለሽም ሆነ የውሃ ጥም የለባትም፣ ግን ለኩላሊቷ ፈርቻለሁ።

ካልሲየሟን ዛሬውኑ ላስመርምር ወይስ ሐኪሟ ሰኞ እስኪገባ ልጠብቅ? ደግሞ እንክብሉ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሻላል ብለውኛል፣ እሷ ግን ጾም ላይ ናት። እንደገና ስትጀምር ዘይት ያለው ሽሮ ይበቃታል? ጅማ ውስጥ ካልሲየም የሚሠራ ላብራቶሪ የምታውቁም ጠቁሙኝ።